ብረት ከየት ይምጣ? በጀሪካን፣ በአሸዋና በካላማዳሪ ስለሚሰራ የስፖርት መሳሪያ

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከተማሪዎች የሚነሳው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው። "ቲቸር፣ በምን እንስራ?" ይላሉ። ኳሷ አንድ ናት፣ እሷም ተንፍሳለች። የዝላይ ገመድ የለም፣ ብረት የለም። እቤታቸው መስራት የሚፈልጉት ደግሞ፣ በተለይ ሜዳ ወጥተው መሮጥ የማይፈቀድላቸው ልጃገረዶች፣ ችግራቸው ይብሳል። በዚህ እትም ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። መልሱ ግን "ጀሪካን አንሱ" የሚል ብቻ አይደለም። ጀሪካን ማንሳትማ ማንም አላስተማረንም።

በመጀመሪያ ስለ እጥረቱ ትንሽ ላንሳ። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኮሮና በዓለም ሲሰራጭ ጂሞች በየሀገሩ ተዘጉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እቤቴ ልስራ ብሎ ተነሳ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዳምቤልና ኬትልቤል ከየሱቁ ጠፋ። ዳምቤል ያው በአንድ እጅ የሚነሳው አጭሩ ብረት ነው፤ ኬትልቤል ደግሞ እጀታው ከላይ የሆነ ድብልብል ብረት ነው። አብዛኛው የሚመረተው ቻይና ሲሆን እዚያ ያሉት ፋብሪካዎች በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ስራ አቁመው ነበር። ሲከፈቱም ብረት ከባድ ዕቃ ስለሆነ በመርከብ ነው የሚጓዘው፣ መርከቡም ዘገየ። የተገኘውም ከመደበኛ ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጥ ጀመር። ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ሲሚንቶ አቦኩ፣ የጀርባ ቦርሳ በመጽሐፍ ሞሉ፣ የወተት ፕላስቲክ ውስጥ ውሃ ጨምረው አነሱ። በሀገራችን ሰፈር ለሰፈር ብረት የሚገፉ ልጆች በወተት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው ቱቦ መትከልን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ፈረንጅ በዚያ ዓመት ደረሰበት ማለት ነው።

እዚህ ኬንያ በማርች 2020 አጋማሽ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ መንግስት ከካኩማና ከዳዳብ ካምፖች መውጣትንም ወደ እነሱ መግባትንም ከለከለ። የአራተኛ ክፍል፣ የስምንተኛ ክፍልና የፎርም ፎር ተማሪዎች በኦክቶበር ሲመለሱ፣ የቀሩት እስከ ጃንዋሪ 2021 ድረስ እቤት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ በሀብታሞቹ ሀገሮች ብረቱ ወደ ሱቅ ተመለሰ። እኛ ጋ ግን ከኮሮና በፊትም መሳሪያ አልነበረም፣ በኋላም አልመጣም። ስለዚህ ይመጣል ብሎ መጠበቁን ትተን ፋብሪካ የሰራው ብረት ለሰው ምን እንደሚያደርግለት እንይ።

ሶስት ነገር ያደርግለታል። አንደኛ፣ ክብደቱ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ 5 ካለ 5 ኪሎ ነው። ሁለተኛ፣ እጅ የሚይዘው ደህና መያዣ አለው። ሶስተኛ፣ ከ5 ቀጥሎ 6 አለ፣ ከ6 ቀጥሎ 8 አለ፣ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እኛ ጋ ከባድ ነገር ሞልቷል፤ ድንጋይ አለ፣ ጎማ አለ፣ አሸዋ አለ። የጠፋው ክብደቱ የታወቀ ከባድ ነገር ነው። ሰው የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ባለፈው ዓመት አንድ የፎርም ቱ ተማሪ የ20 ሊትር ጀሪካን ከላጋ (ደረቁን ወንዝ ማለቴ ነው) እርጥብ አሸዋ ሞልቶ ይገፋ ጀመር። "ስንት ኪሎ ነው?" ሲሉት "ሃያ ነው፣ ጀሪካኑ ላይ ተጽፏል" ይላል። በሁለተኛው ቀን ወገቡን ያዘውና ሁለት ሳምንት ክፍል ሳይገባ ቀረ። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ሊትር ነው። 20 ሊትር የሚሆነው 20 ኪሎ ውሃ ሲሆን ብቻ ነው። ልጁ ያነሳው ወደ 38 ኪሎ ገደማ ነበር።

ይህ በሳይንስ ክፍል እፍግታ የምንለው ነገር ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በውሃ የራሰ አሸዋ ደግሞ ወደ 1.9 ይጠጋል። የደረቀ ኮንክሪት 2.3 ኪሎ ገደማ ሲሆን ብረት ከ7 ኪሎ በላይ ነው። እንግዲህ በዚህ ስሌት ግማሽ ሊትር የምትይዝ የውሃ ጠርሙስ ደረቅ አሸዋ ስትሞላ 800 ግራም ገደማ ትሆናለች። የአንድ ሊትር ተኩሏ 2.4 ኪሎ፣ የአምስት ሊትሯ ጀሪካን 8 ኪሎ ገደማ ነው። መምህራን፣ ይህን በቾክ ከመጻፍ ይልቅ ልጆቹ እያነሱ ቢማሩት እፍግታ ምን እንደሆነ ሁለተኛ አይረሱትም።

"ገደማ" ማለቴ አሸዋ ከአሸዋ ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልገናል። የሱቅ ሚዛን ካለ ባለሱቁን መለመን ይቻላል፤ ከሌለ በራሳችን እንሰራለን። አንድ ሜትር የምትሆን ቀጥ ያለች ጠንካራ እንጨት ፈልጉ። መሃሏ ላይ በገመድ አስራችሁ ስቀሏትና ወደ አንዱ ጎን እንዳታጋድል ገመዱን ወዲህ ወዲያ እያላችሁ አስተካክሉ። ከመሃሏ በግራም በቀኝም እኩል 40 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በአንዱ ምልክት ላይ መመዘን የፈለጋችሁትን፣ በሌላው ላይ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አንጠልጥሉ። እኩል ሲቆሙ የውሃው ሊትር ልክ የዕቃው ኪሎ ነው። የባዶው ጠርሙስ ክብደት ትንሽ ስለሆነ ለእኛ ስራ ችላ ብንለው ችግር የለም።

ዕቃው ከባድ ሲሆን ያን ያህል ውሃ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ መፈንቅል ይረዳናል። በሁለቱም በኩል ክብደት ሲባዛ በርቀት እኩል መሆን አለበት። ዕቃውን ወደ መሃል አስጠግታችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትሰቅሉትና ውሃውን 40 ላይ ብትተዉት፣ 4 ሊትር ውሃ 8 ኪሎ ዕቃ ያቆማል። 8 ሲባዛ በ20፣ 160 ነው፤ 4 ሲባዛ በ40ም 160 ነው። ፊዚክስ ሶስተኛ ዓመት ላይ ሳልጨርስ ነው ከሀገር የወጣሁት፤ ለዚህች ግን የስምንተኛ ክፍሉም ይበቃል።

አሁን ወደ መሳሪያው። እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉ የተሻለው አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳና የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ናቸው። ጠርሙሶቹን ደረቅ አሸዋ ሞልታችሁ፣ በሚዛኑ ሁሉም እኩል መሆናቸውን አይታችሁ፣ ክዳናቸውን ጥብቅ አድርጋችሁ ቦርሳው ውስጥ ትከታላችሁ። አምስቱ 4 ኪሎ፣ አስሩ 8 ኪሎ ይሆናሉ። ለመጨመር አንድ ጠርሙስ፣ ለመቀነስ አንድ ጠርሙስ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ውድ ብረት እንኳን ብዙውን ጊዜ እንዲህ በ800 ግራም በ800 ግራም አይጨምርም። በፌስታል ቢሆን ይቀል ነበር፣ ግን ኬንያ ፌስታልን ከኦገስት 2017 ጀምሮ ከልክላለች፤ ቢገኝም ይቀደዳል። ቦርሳው ጀርባ ላይ ሲሆን ለቁጭ ብድግ ይሆናል። ከፊት በደረት ሲታቀፍ ደግሞ ለጀማሪ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ወገብን ቀጥ ያደርጋል። ማንጠልጠያውን በሁለት እጅ ይዞ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብም ይቻላል። ጠርሙሶቹ እንዳይንከባለሉ በጨርቅ ወጥሩዋቸው።

ስንት እናንሳ ለሚለው አንድ የድሮ ሰው አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ቶማስ ዴሎርም የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሰራዊት ሐኪም የተጎዱ ወታደሮችን ያክም ነበር። በዚያን ጊዜ ልማዱ ለታካሚ ቀላል ክብደት ሰጥቶ ብዙ ጊዜ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነበር። ዴሎርም ግን ከበድ ያለ ክብደት በጥቂት ድግግሞሽ ሰጠ፤ ታካሚው ሲጠነክርም ክብደቱን ጨመረለት። ወታደሮቹ ቶሎ አገገሙ፣ እሱም በ1945 ስራውን አሳተመ። በ1948 ከዋትኪንስ ጋር ሆኖ ያወጣው አሰራር እስከ ዛሬ ይሰራል። መጀመሪያ አስር ጊዜ ብቻ ማንሳት የምትችሉትን ክብደት ታገኛላችሁ። ከዚያ ሶስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር አስር ጊዜ ትሰራላችሁ፤ አንደኛውን ዙር በግማሹ፣ ሁለተኛውን በሶስት አራተኛው፣ ሶስተኛውን በሙሉው ክብደት ማለት ነው። በጠርሙስ ስናስበው፣ ስምንት ጠርሙስ አስር ጊዜ የምታነሳ ልጅ በአራት ትጀምራለች፣ ወደ ስድስት ትሄዳለች፣ በስምንት ትጨርሳለች። ስምንቱ አስር ጊዜ ሳይሆን አስራ ሁለት ጊዜ ሲቀላት፣ ያም ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲሆን፣ አንድ ጠርሙስ ትጨምራለች። አንድ ብቻ። ወንዶቹ ጓደኛ ሲያይ ሶስትና አራት ይጨምራሉ፣ እሱ ላይ መምህር ቆጣ ማለት አለበት።

ሁለተኛው ጥሩ ዕቃ ካላማዳሪ ነው። የቦዳቦዳና የብስክሌት ጠጋኞች ጋ ከጥገና ያለፈው ይጣላል፣ ብትጠይቋቸው ይሰጧችኋል። የሞተሩን በቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡት፤ የብስክሌቱ ሳይቆረጥ ይሆናል። እግራችሁን መሃሉ ላይ አቁማችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ መሳብ ለክንድ ነው፤ በደረት ፊት ወደ ጎንና ጎን መለጠጥ ለትከሻ ነው። ካላማዳሪ ኪሎ የለውም፤ በተለጠጠ ቁጥር ይከብዳል፣ ድርብ ስታደርጉትም ይከብዳል። ዊልቸር ላይ ለሚቀመጡ ተማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ መሳሪያ አላየሁም፤ ሲወድቅ እግር አይሰብርም፣ ተቀምጦም ይሰራበታል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ጸሐይ ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ ጎማ ሲበጠስ የሚመጣው ወደ ዓይን ነው። ከመስራታችሁ በፊት ከፊታችሁ አርቃችሁ ቀስ ብላችሁ ለጥጡትና እዩት። ትንሽ ስንጥቅ ካለ ለዝላይ ገመድ አድርጉት እንጂ ለመሳቢያ አትጠቀሙበት።

ሲሚንቶ የሚፈልግም አይጠፋም። የእርዳታ ዘይት የሚመጣበት አራት ሊትር ቆርቆሮ ጥሩ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሶስት እጅ ጠጠር ተደርጎ ተቦክቶ ሲሞላ 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በሁለት ቆርቆሮና በአንድ የብረት ቱቦ የተሰራው ሙሉው ከቱቦው ጋር ወደ 20 ኪሎ ይሄዳል። ቱቦውን ከመትከላችሁ በፊት ጫፉ ላይ ምስማር ወይም ቁራጭ ፌሮ በመስቀል አሳልፉበት፣ አለዚያ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። የአንዱ ወገን እስኪጠነክር ጠብቁ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ሌላውን ሙሉ። አንድ ሳምንት በእርጥብ ማዳበሪያ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ይፈረካከሳል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚበላ በባዶ እጅ አታቡኩ። የቆርቆሮውን ስለት ከንፈር ደግሞ በመዶሻ ወደ ውስጥ እጠፉት። ይህ ግን ለትልልቆቹ ነው፣ ጠርሙሱን በደንብ ላልጨረሰ ሰው አይደለም።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ። የጸረ ተባይ መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን አጥባችሁም ቢሆን አትጠቀሙበት። አሸዋ የገባበት ጀሪካን ወደ መጠጥ ውሃ አይመለስም። መሬት ላይ በደንብ ያልተተከለ የጎል አግዳሚ ላይ አትንጠልጠሉ፤ በብዙ ሀገር እላያቸው ላይ ወድቆ የሞቱ ልጆች አሉ። የቆርቆሮ በርና የመጠለያ ምሰሶም ለመሳቢያ ማሰሪያ አይሆንም፣ ቤቱን ታፈርሱታላችሁ።

ስለ ውሃውም ላንሳ። አንድ ጀሪካን ውሃ 20 ሊትር ነው። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለአንድ ሰው በቀን ያስፈልጋል ብሎ የሚያስቀምጠውም ልክ 20 ሊትር ነው፤ ይደርሰናል ማለቴ ሳይሆን መለኪያው ይህ ነው ማለቴ ነው። ስለዚህ ውሃን እንደ ብረት ሲጠቀሙበት መድፋት የአንድ ሰው ቀን መድፋት ነው። በውሃ መስራት ከፈለጋችሁ ክዳኑን ገጥማችሁ ስሩና ከዚያ ወደ ማድ ቤት ይግባ። ጀሪካኑም ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁን፤ ግማሽ ሲሆን ውሃው ውስጡ እየተናወጠ ለጀማሪ አይያዝም።

ውሃውን የሚያመጣው ማን ነው የሚለውም መታሰብ አለበት። ጠዋት ከቧንቧ ሶስት ጀሪካን የተሸከመች ተማሪ በዚያ ቀን የእግርና የወገብ ስራዋን ጨርሳለች። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ከወንዶቹ እኩል ቦርሳ አሸክሞ ቁጭ ብድግ ማሰራት ድካም ላይ ድካም መጨመር ነው፣ እኔ አልደግፈውም። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሸክም የማይሰራው የሰውነት ክፍል ነው። ግድግዳ ተደግፎ የሚሰራ ፑሽ አፕና በካላማዳሪ የሚሰራ የትከሻ ስራ ይጠቅማታል፤ ሁለቱም ግቢ ውስጥ፣ ቀሚስ ለብሶም ይሰራሉ። ብረት ቸገረኝ የሚል ወንድም ካለ ደግሞ የቧንቧው ሰልፍ ለእሱም ክፍት ነው።

ወላጆች ብረት ቁመት ይገታል ብለው ሲከለክሉ እሰማለሁ። ልኩን ጠብቆ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት የሚሰራ ልጅ ቁመቱ እንደሚገታ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ልጅ የሚጎዳው ከአቅም በላይ ሲያነሳና ክብደቱ እላዩ ላይ ሲወድቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ውስጥ በሳምንት ቢያንስ ሶስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ስራ ይመክራል። ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ስራ ነው። እዚያ ውስጥ ብረት የግድ ነው የሚል ቃል የለም።

አሁን የሚከብደው ነገር ምግቡ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2025 በኬንያ ካምፖች ራሽኑን ከሙሉው መጠን ከሲሶ በታች ያወረደበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ የሚያዞራቸው ልጆች ነበሩ። በቀን አንድ ጊዜ የሚበላ ተማሪ የመመሪያውን 60 ደቂቃ ጨርስ ቢባል ይወድቃል። መምህራን፣ ራሽን ሲያንስ ክብደቱን ጨርሳችሁ አትተዉት፣ ዙሩን ግን ቀንሱ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ወይም ሁለት ዙር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሩጫና ዝላዩን ለጊዜው ተዉት። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከአስራ አንድ በኋላ ይሁን፣ በመሃል ያለው ጸሐይ ለስፖርት አይሆንም። የማዞር፣ የማቅለሽለሽ ወይም ላብ የማቆም ምልክት ያየባችሁበትን ልጅ ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ውሃ ስጡት፣ በዚያ ቀን አይመለስ። ካልተሻለው ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀበት ቶሎ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ለመመዝገቢያ ደብተር ጀርባ ላይ ሶስት መስመር ይበቃል፤ ቀኑ፣ የጠርሙሱ ብዛት፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ። የእንጨት ሚዛኑ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሳይንስ ክፍል በር ላይ ይሰቀላል። ጠርሙሳችሁን አሸዋ ሞልታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አሸዋው ግን ደረቅ ይሁን።